ወለሉ ደርቆ ነበር

ቨርሊን ክሩዘ በክሊር ፎርክ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርጓል። እንዲህ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ዛሬ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሆነው ሰውዬ አንደኛ ክፍል ሳለ ያስመለሰ ቀን ሰጋቱራ የበተነበት ቨርሊን ነው፤ የሰውየው ልጅ ያስመለሰች ቀንም የበተነው እሱው ነው። ከተማው ሁሉ በእጁ አልፏል ማለት ይቻላል። ድምፁን በደንብ የሚያውቅ ሰው ግን ስለመኖሩ እንጃ። «እሺ» ይላል። «ደህና» ይላል። ሲበዛ «በረዶ ሊጥል ነው» ይላል። ከዚያ ካለፈ አሞታል ማለት ነው።

ማንበብም አይሆንለትም። አባቱ እግሩን ትራክተር የወሰደበት ዓመት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ላም ማለብ ያዘ፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ፊደሎቹ አይረጉለትም ነበር። ስሙን ይጽፋል። ሰባ ሁለቱን የበር ቁልፎች በጣቱ ዳብሶ ይለያል። የቀረውን የምታነብለት ሚስቱ በርኒስ ነበረች፤ ደብዳቤውንም፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስም፣ የምርጫውን ወረቀትም። የምርጫ ቀን ጠዋት እንቁላሉን እየጠበሰች «ከላይ ሦስተኛው ክብ፣ ገልብጠህ ሁለተኛው» ትለዋለች፤ እሱም መንገዱን ሙሉ «ሦስት፣ ሁለት» እያለ ይሄዳል።

በርኒስ ከሞተች በኋላ አንድ ጊዜ ብቻውን ገባ። መጋረጃውን ዘጋ። ወረቀቱን አየው፤ ወረቀቱም እሱን ያየው መሰለው። ባዶውን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ወጣ። በር ላይ የነበረችው ሴትዮ «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ቤቱ እስኪደርስ በእጁ ሸፍኖት ሄደ።

ኮከስ የሚሉት የፓርቲ ስብሰባ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር እጩ ለመምረጥ በየአራት ዓመቱ በጥር ብርድ የሚደረገው፣ ለቨርሊን ከገና በላይ የሚያስደንቀው ለዚህ ነው። በዚያ ቀን ወረቀት የለም። መጋረጃ የለም። ሰው እጩውን የሚመርጠው በእግሩ ነው፤ ይሄድና የእጩው ማዕዘን ላይ ይቆማል፣ ይቆጠራል፣ በቃ። በአጥር ተካሰው አምስት ዓመት ሰላም ያልተባባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ማዕዘን ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው አይቷል። ባል ከሚስቱ ተለይቶ አዳራሹን ሲያቋርጥ፣ ሚስትየዋ በዓይኗ ስትሸኘው አይቷል። ሌላ ጊዜ ስለ በቆሎ ዋጋ እንኳ ልቡን የማይናገር ሰው ያን ምሽት ልቡን አውጥቶ ወለሉ ላይ ያቆመዋል። ከዚያ የቀድሞው የሙዚቃ አስተማሪ ሚስተር ድቮራክ ቁጥሩን በስልክ ይናገራሉ፤ ያ ትልቅ አገር ሁሉ፣ ከባሕር እስከ ባሕር፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይህን ቁጥር ነው። ከዚህች የአንድ ሺህ ሰው ከተማ። ቨርሊን ይህን ባሰበ ቁጥር የመላጣው ቆዳ ይኮማተራል።

ስብሰባው የሚደረግበትን የትምህርት ቤቱን የስፖርት አዳራሽ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ወንበሩን ይዘረጋል፣ ቡና ማሞቂያውን ይሰካል፣ የእጩዎቹን ወረቀቶች በየግድግዳው ይለጥፋል፤ ስማቸውን ሳይሆን ቀለማቸውን አይቶ። አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ኳስ የሚቀመጥበት ክፍል ይገባና ከሽቦው በር ጀርባ ሆኖ ያያል። ሰባት ኮከስ እንዲህ አለፈ። ወደ ማዕዘን መሄድ ፊደል አይጠይቅም፤ ዓይን ግን አለበት። ሰው ሁሉ እያየው ከዚህ ግድግዳ እዚያ ግድግዳ መሻገር ለቨርሊን የሚሲሲፒን ወንዝ በእግር ከማቋረጥ አይተናነስም። በየአራት ዓመቱ «ዘንድሮስ» ይላል። በየአራት ዓመቱ ከኳሶቹ ጋር ይቀራል።

ስምንተኛው ኮከስ ዘጠና ሰባት ሰው መጣበት።

ሚስተር ድቮራክ ባትሪ ባለቀበት ማይክ ሕጉን አነበቡ። የከተማዋ ሰባት ተወካዮች ለየማዕዘኑ እንደ ሰዉ ብዛት ይከፋፈላሉ፤ ከመቶው አሥራ አምስት እጅ ያልሞላለት ማዕዘን ግን ይፈርሳል፤ ለዛሬ ምሽት አሥራ አምስት ሰው ማለት ነው። ሰዉ ወደየማዕዘኑ ሄደ። ከሰማያዊው ወረቀት ሥር፣ ለሴናተር ብራክስተን፣ ሰማንያ ሦስት ቆሙ። ከአረንጓዴው ሥር፣ ለነርሷ ለወይዘሮ ሆልቨርሰን፣ አሥራ አራት።

«አንድ ጎደላችሁ» አሉ ሚስተር ድቮራክ። «ግማሽ ሰዓት አላችሁ። ወይ ሰው አምጡ፣ ወይ ፍረሱ።»

ያኔ ክርክሩ ተነሳ። በሰማያዊው በኩል ላቮን ስቱር ወጣች፤ በፕራዘር የእንቁላል ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት። በአረንጓዴው በኩል ጡረታ የወጣችው ፖስተኛ አርዲት ክለም።

«አርዲት፣ ነይ ወደኛ፣ እግርሽ ሳያብጥ» አለች ላቮን።

«እግሬ አርባ ዓመት የናንተን ደብዳቤ አመላልሷል፤ ለግማሽ ሰዓት አያማርርም።»

«ነርስሽ ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ኅዳር ላይ በዋናው ምርጫ የወዲያኛው ፓርቲ ሰዎች በነዳጅ ገንዘብ ሲመጡብን በአሥር በአሥር ዶላር መዋጮ ምን ልታደርግ ነው? ኬክ ጋግራ ልትሸጥ?»

ሰማያዊው ማዕዘን ሳቀ። አርዲት እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«እዚህ ቤት ድር ካደራማ ቨርሊን በመጥረጊያው ያወርደዋል» አለች ላቮን። አሁን ሁለቱም ማዕዘን ሳቀ፤ ጥቂቱም ወደ ሽቦው በር ዘወር አለ። ቨርሊን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሳቂ» አለች አርዲት። «ያንቺ ሴናተር ባለፈው ወር እራት አብልቶ ገንዘብ ሰብስቧል። የአንዱ ወንበር ዋጋ የኔ የሁለት ወር ጡረታ ነው። አለቃሽ ሮላንድ ፕራዘር ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነጠበቃው ተቀምጦ በልቷል። ሰው ለአንድ ሳህን ያን ያህል የሚከፍለው ርቦት ነው?»

«ፕራዘር ቢሰጥስ?» ላቮን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እስቲ ዝቅ ብለሽ እይ። የቆምሽው በምን ላይ ነው?»

ዘጠና ሰባት ሰው ዝቅ ብሎ ወለሉን አየ። ወለሉ በመብራቱ ሥር እንደ ማር ያበራል።

«ይሄ የማን ስጦታ ነው? አሮጌው ሲሰነጠቅ፣ ልጆቻችን ጉልበታቸው ሲላጥ፣ ሌላ ማን ደረሰልን? ሰውየውን እኔ ከናንተ የበለጠ አውቀዋለሁ፤ አልወደውም። እውነቱ ግን እውነት ነው። ይሄን ወለል ሰጠን፣ በምላሹ አንዲት ነገር አልጠየቀንም። ስሙን እንኳ አላስጻፈም። የሰጠ ሁሉ ገዛ ማለት አይደለም፣ አርዲት።»

ከወደ ኋላ አንዱ «የበላሽበትን ወጪት አትስበሪ» አላት። ከአሥራ አራቱ ሁለቱ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አርዲት አፏን ከፍታ ዘጋችው። 

መልሱ ያለው ከሽቦው ጀርባ ነበር።

ነገሩ የሆነው ወለሉ በገባ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት ነው። የእንቁላል ፋብሪካው ሴቶች በማጠቢያው ውሃ ስለተላጠው እጃቸው ተነጋግረው የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ፈለጉ፤ በከተማው ሰፊና ሙቅ ቤት ይሄ አዳራሽ ብቻ ነው፤ ለሐሙስ ምሽት ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ክሬግ ኒስ ቨርሊን ወደሚውልበት ወደ ምድር ቤቱ ማሞቂያ ክፍል ወረደ። ከዚያ በፊት ወርዶ አያውቅም።

«ቨርሊን፣ ሮላንድ ፕራዘር ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ሴቶቹን ወለሉ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ሦስት ቀን አይረገጥም በላቸው። አንተ ካልካቸው ያምናሉ።»

ቫርኒሹ የተቀባው ነሐሴ ላይ ነበር። ቨርሊን «እሺ» አለ።

ሠላሳ አራት ሴቶች መጡ። በሩ ላይ ገመድ አስሮ ቆሞ ነበር። ነገራቸው። አንዲትም አልተጠራጠረች፤ ቨርሊን ስለ ወለሉ ይዋሻል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ አውራጃ የለም። ላቮን ከፊት ነበረች፣ የኬክ መጋገሪያ አቅፋ። «ጫማችንን አውልቀን በካልሲ ብንገባስ?» አለችው። ከኋላዋ ያሉት አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀምረው ነበር።

«በካልሲም አይሆንም» አለ።

«ይሁን» አለች ላቮን፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረገችው። «የደከምክበትን አናበላሽብህም።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰበሰቡ። ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ይወርድ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እኩሌታው ወደ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት የፋብሪካው አለቆች ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠርተው አነጋገሯቸው፤ ማኅበሩ ሳይወለድ ሞተ። ቨርሊን ይህን ለማንም አልተናገረም። ለበርኒስ እንኳ። በየነሐሴው ቫርኒሹን ሲቀባ ግን የበሩ አጠገብ ሲደርስ እጁ ይከብደዋል።

አሁን ላቮን እዚያ ወለል ላይ ቆማ «አልጠየቀንም» ትላለች። በቅን ልቧ ትላለች። ከዘጠና ሰባቱ ሰው እውነቱን የሚያውቅ ክሬግ ኒስ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰማያዊው ማዕዘን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቨርሊን የሽቦውን በር ያዘ። ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እጁ በሩን ሲገፋ ልቡ ገና አልወሰነም ነበር።

በሩ ጮኸ። ጫማው ወለሉ ላይ ጭርቅ ጭርቅ እያለ መሐል ላይ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው፤ የቅርጫት ኳሱን ምሰሶ አየ።

«ጠይቋል» አለ።

«ምን አልክ ቨርሊን?» አሉ ሚስተር ድቮራክ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«ፕራዘር። ጠይቋል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ሐሙስ። የሴቶቹን። እርጥብ ነው በላቸው ተባልኩ... አልኩ። ወለሉ ደርቆ ነበር።»

አንዲት ሴት ከሰማያዊው ማዕዘን ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሠላሳ አራቱ አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ የቡና ማሞቂያው ሲንተከተክ ብቻ ነው የተሰማው። ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ እሱን፣ ጠራጊውን።

ላቮን ወደ እሱ ቀረበች። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቷል።

«በካልሲ እንግባ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«ትከሻህን መታ መታ አድርጌህ ነበር።»

«አዎ» አለ።

«ቨርሊን፣ ይሄ የስድስት ዓመት ወሬ ነው» አለ ክሬግ ኒስ። «ቦታውም አይደለም።»

ላቮን ዘወር አለች። «አንተ ነህ ያልከው?»

ኒስ ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱ ቀላ፣ ኮሌታውን ላላ አደረገ። «ቀጥሎ ጣሪያው ነበር፣ ላቮን። ጣሪያውንም እሠራላችኋለሁ ብሎኝ ነበር። ሦስት መቶ ልጅ በባልዲ መሐል እየተማረ ምን ልበለው?»

«ሠራው ታዲያ?» አለች አርዲት።

«አልሠራውም።»

ቨርሊን ገና መሐል ላይ ነው። ንግግሩን የጨረሰ መስሎት ነበር፤ ግን አንድ ነገር ቀርቶበት ነበር፤ ስድስት ዓመት ሲያላምጠው የኖረው ነገር ነው። «ወለሉን የሰጠ ሰው» አለ፣ «መቼ እንደደረቀ የሚወስነው... እሱ ነው የሚሆነው።» ከዚያ ዞረና ወደ አረንጓዴው ወረቀት ሄደ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በመጥረጊያ ሚሊዮን ጊዜ ሄዶበታል፤ ያን ቀን ግን ወለሉ ከሥሩ የሚረዝም መሰለው። አርዲት ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ምንም አላለችውም፤ ክንዷ ክንዱን ነካው።

«አሥራ አምስት» አለ ከአረንጓዴዎቹ አንዱ፣ ቀስ ብሎ።

«አይሆንም» አለ ኒስ። «መዝገቡ ላይ አልፈረመም። በሩ የሚዘጋው በአንድ ሰዓት ነው። ቨርሊን ለሥራ ነው የመጣው እንጂ ለስብሰባ አይደለም።»

ሚስተር ድቮራክ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ ሕጉን ገለጡ፣ ደግመው ገለጡ። «ከአንድ ሰዓት በፊት ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው መፈረም ይችላል» አሉ። «ግን ምስክር እፈልጋለሁ። ከወዲያኛው ማዕዘን ቢሆን ይሻላል፣ ኋላ ነገር እንዳይነሳ።»

ሰማያዊው ማዕዘን ዝም አለ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም ካለ አረንጓዴው ይፈርሳል፣ ሰባቱም ተወካይ የብራክስተን ይሆናል። ቨርሊን የመዝገቡን ጠረጴዛ አየ። እውነቱን ተናግሯል፤ መቆጠር ግን በእሱ እጅ አይደለም። ያን ሐሙስ የላቮን በር በእሱ እጅ እንደነበረ፣ አሁን የእሱ በር በላቮን እጅ ነው። ለምን ትከፍትለታለች?

ላቮን ክንዷን አጣመረች።

«እኔ ከቆምኩበት አልነቃነቅም» አለች። «የኔ ሰው ብራክስተን ነው። ኅዳር ላይ ማሸነፍ እፈልጋለሁ፤ ለአንድ ወለል ብዬ አልቀይርም። ግን ይሄ ሰውዬ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወንበር ሲዘረጋ አይቼዋለሁ። የተቀመጥኩበትን ራሱ ነው ያቀበለኝ። ሰው እያለ የለም አይባልም፣ ሚስተር ድቮራክ። ያስፈርሙት።»

«ላቮን» አለ ኒስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንድ ተወካይ እንደምናጣ ገብቶሻል?»

«መቁጠር አታስተምረኝ፣ ክሬግ። ቀኑን ሙሉ እንቁላል ነው የምቆጥረው።»

በርኒስ ከዓመታት በፊት ፓርቲው ውስጥ ስሙን አስመዝግባለት ነበር፤ ሚስተር ድቮራክ በጣታቸው መስመሩን አሳዩት። ቨርሊን እስክሪብቶውን እንደ ሚስማር ጨብጦ ስሙን ጻፈ። ጊዜ ወሰደ። ማንም አላጣደፈውም። ከኋላው ያሉት ሰዎች እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ በትዕግሥት ቆመው ጠበቁት።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር በራሱ አፍ ይናገራል። ከአረንጓዴው ማዕዘን ጫፍ «አንድ» ተባለ። «ሁለት።» «ሦስት።» ቁጥሩ እንደ ባቡር ከሩቅ መጣ። ቨርሊን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አሥራ ሁለት።» «አሥራ ሦስት።» አርዲት «አሥራ አራት» አለች።

በመጋረጃ ውስጥ ባዶውን ያጠፈው ያ ወረቀት ትዝ አለው።

«አሥራ አምስት» አለ።

«አልሰማሁም» አሉ ሚስተር ድቮራክ። በእርግጥም አልሰሙም፣ ጆሯቸው ደክሟል።

«አሥራ አምስት።»

አሁን ድምፁ ከወዲያኛው ግድግዳ ነጥሮ ተመለሰለት። የራሱ ድምፅ በዚያ አዳራሽ ሲያስተጋባ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ሚስተር ድቮራክ ስልኩን አነሱ። «ክሊር ፎርክ። ብራክስተን ስድስት፣ ሆልቨርሰን አንድ» አሉ። የሆነ ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ያን «አንድ» ጻፈው። ቨርሊን ቆሞ ቀረ። ያ አንድ ያለ እሱ ዜሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ተሰምቶት አያውቅም።

ሰዉ ካፖርቱን እየደረበ ሲወጣ ኒስ ሳያየው አለፈ። ያ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ቨርሊን አያውቅም፤ የሚገርመው፣ ያን ያህልም አልፈራም። የፈራው ላቮን ጓንቷን እያጠለቀች ወደ እሱ ስትመጣ ነው።

«ስላስቆጠርኩህ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለችው።

«አልመሰለኝም።»

«ሠላሳ አራት ነበርን። ስማቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ዛሬ ከመካከላችን እዚህ የነበርነው አምስት ነን። የቀሩት ይሄን ከኔ አፍ አይሰሙም፤ ካንተ ነው የሚሰሙት። በየቤታቸው ሄደህ።»

ቨርሊን በልቡ ቀነሰ። ሃያ ዘጠኝ በር። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ማንኳኳት፣ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ መናገር።

«ሁለቱ ሞተዋል» አለች ላቮን። «ለልጆቻቸው ትነግራለህ።»

«አድራሻቸውን...» አለና ቆመ። ጆሮው ጋለ። «ብትጽፊልኝ ማንበብ አልችልም፣ ላቮን።»

ላቮን አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቀችውን ሰው እንደ አዲስ አየችው። ከዚያ የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች።

«ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ» አለች። «እኔ እነዳለሁ። በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ።»

ቅዳሜ መጣች። የመጀመሪያው ቤት ከወፍጮው ጀርባ፣ ከሠላሳ አራቱ የአንዷ፣ የዶሪን ቤት ነበር። ላቮን ሞተሩን ሳታጠፋ መኪናው ውስጥ ቀረች። ቨርሊን ኮፍያውን አውልቆ በረዶ የያዘውን ደረጃ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገና አንኳኳ።